የእንቅርት ኪኒን የሚወስድ ሰው ጉሮሮውን ሲያመው

ጎንደር ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሞ ለሚሠራ ሰው እንቅርት አዲስ ነገር አይደለም። ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከወገራና ከበለሳ ለገበያ ወይም ለሕክምና የሚመጡ እናቶች ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አንገታቸው ላይ ይታያል፤ አብዛኞቹም ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረውት ስለኖሩ እንደ በሽታ አይቆጥሩትም። ስለ እንቅርት ሲነሣ ጨዋታው ሁሉ ስለ መልክ፣ ስለ ጨውና ስለ ቀዶ ሕክምና የሚሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ግን ብዙ ስለማይወራበት ጉዳይ ነው፤ ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ በየቀኑ ስለሚዋጡት ኪኒኖች፣ ስለሚሰጡት ትልቅ ጥቅም፣ እንዲሁም የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ቢሆንም ሲደርስ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችለው ጉዳታቸው። ጉዳዩ የሚያሳስበኝ መድኃኒቱን ከሚያድሉት አንዱ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም፤ አክስቴም ከሚውጡት አንዷ ናት።

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ ነው። ከምንመገበው አዮዲን እየወሰደ ቲ4 እና ቲ3 የተባሉ ሆርሞኖችን ይሠራል፤ የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የወር አበባ፣ እንቅልፍና ስሜት ሳይቀር በእነዚህ ሆርሞኖች ልክ ይመራሉ። ሲበዙ ሰውነት ያለ ዕረፍት ይሮጣል። አክስቴን የያዛት እንዲህ ነበር፤ ከበፊቱ ይልቅ እየበላች ቀሚሷ ሰፋባት፣ በጥር ብርድ ሌላው ጋቢ ሲደርብ እሷ በሩን ክፈቱልኝ ትል ጀመር፣ ቡና ቀድታ ስታቀብል እጇ እየተንቀጠቀጠ ሲኒውን ከማስቀመጫው ጋር ያንኳኳው ነበር። ጎረቤት መጀመሪያ ስኳር ነው አለ፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ፣ ቀን በትንሹም በትልቁም መቆጣት ስታበዛ ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው ያሉም ነበሩ። የደም ምርመራው ሲመጣ ቲኤስኤች የተባለው፣ ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ የሚመነጭና ታይሮይድን ሥራ ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ሊለካ እስከማይችል ድረስ ወርዶ፣ ቲ4 እና ቲ3 ግን ከፍ ብለው ተገኙ።

ዕጢው እንዲህ የሚያብድበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ ማወቁም ኪኒኑ ለስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ስለሚወስን ታማሚው ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባል። በአንዳንድ ሰዎች የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን ያለ ማቋረጥ ይቀሰቅሰዋል፤ ይህ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1835 በገለጸው አየርላንዳዊ ሐኪም በሮበርት ግሬቭስ ስም የግሬቭስ በሽታ ይባላል፣ ዓይን ፈጥጦ እንዲወጣ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሌላው እንደኛ ባለ ደጋ አገር የሚበዛው ነው፤ ለረጅም ዘመን አዮዲን ያነሰው ዕጢ እየተለጠጠ እባጭ በእባጭ ይሆንና ከእባጮቹ አንዳንዶቹ ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ መስማት ትተው በራሳቸው ሆርሞን ማምረት ይጀምራሉ። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ይህ ለሚወለዱ ሕፃናት አእምሮ ትልቅ በረከት ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት አድጎ በራሱ መሥራት የለመደ እንቅርት ግን አዮዲን ሲያገኝ ሆርሞኑን አብዝቶ ሊያመርት እንደሚችል በብዙ አገሮች ታይቷል። ይህን የምጽፈው ማንም አዮዲን ያለውን ጨው እንዲተው አይደለም፤ የሚያድነው ከሚያስቸግረው እጅግ ይበልጣል። የምጽፈው የቆየ እንቅርት ያላቸው እናቶች ልባቸው መምታት ሲጀምር «እንቅርቴ እንደሆነ የኖረ ነው» ብለው እንዳያልፉት ነው።

ወደ መድኃኒቶቹ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1943 ቦስተን ይሠራ የነበረው ኤድዊን አስትውድ ታዮዩራሲል የተባለ ውህድ ዕጢው ሆርሞን እንዳያመርት እንደሚያግድ በሕሙማን ላይ አሳየ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እኛ በተለምዶ ፒቲዩ የምንለው ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ ከዚያም ሜቲማዞል መጡ። ካርቢማዞል የሚባለው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ሜቲማዞል የሚለወጥ ነው። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ዕጢው አዮዲንን አዋሕዶ ሆርሞን ለመሥራት የሚጠቀምበትን ኤንዛይም ያግዳሉ። ሆኖም የሚያግዱት አዲስ ምርትን ብቻ ነው። ዕጢው ቀድሞ ሠርቶ ያከማቸው ሆርሞን ለሳምንታት ይበቃል፤ መድኃኒቱ አዲስ አዝመራ ወደ ጎተራ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ ጎተራው ውስጥ ያለውን አያወጣም። ታማሚዎች ኪኒኑን ጀምረው በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልለወጠኝም» ብለው የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ለውጡ በደንብ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቢያቋርጥ አይፈረድበትም።

እስከዚያ ድረስ ልብን የሚያሳርፈው ፕሮፕራኖሎል ነው። የልብ ምትን፣ መንቀጥቀጥንና ጭንቀትን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ስለሚቀንስ ታማሚው የዳነ ይመስለዋል፤ ዕጢውን ግን አላከመውም። ሁለት ኪኒን ታዝዞለት ገንዘብ ያጠረው ሰው ወዲያው ያሻለውን መርጦ ሌላውን ሲተው አይቻለሁ፤ ምርጫው ለሰሚ ልክ ይመስላል፣ ለሰውነት ግን ተቃራኒው ነው። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ፕሮፕራኖሎል ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላልና።

አሁን መጻፍ ወደፈለግሁት ዋና ነገር እገባለሁ። እነዚህ ኪኒኖች ቀላል የሚባሉ ጉዳቶች አሏቸው፤ ማሳከክ፣ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የማቅለሽለሽ ስሜት። እነዚህ ብዙ ጊዜ መጠኑን በማስተካከል ወይም መድኃኒቱን በመቀየር ያልፋሉ። ሁለቱ ከባድ ጉዳቶች ግን ሌላ ናቸው። የመጀመሪያው ተላላፊ በሽታን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች ድንገት እስከ መጥፋት ድረስ መመናመናቸው ነው። ይህ የሚደርሰው መድኃኒቱን ከሚወስዱ 1000 ሰዎች ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላም ግን ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው የጉበት ጉዳት ነው።

እነዚህ ሁለት ጉዳቶች የሚያስፈሩኝ በጥቂትነታቸው ወይም በብዛታቸው ሳይሆን በአመጣጣቸው ነው። የነጭ ደም ሴል መጥፋት የሚገለጠው በምንድን ነው? በትኩሳት፣ በጉሮሮ ሕመምና በአፍ ቁስል ነው። የጉበቱስ? ዓይን ቢጫ በመሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ በመጥቆር፣ ምግብ በመዝጋትና በቀኝ ጎን ከጎድን በታች በሚሰማ ሕመም ነው። እኛ ቤት እነዚህ ሁሉ ስም አላቸው፣ መድኃኒትም አላቸው። ጉሮሮ ካመመ ቶንሲል ነው፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ይበላል፣ ካልሆነም ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ይገዛል። ትኩሳት መጥቶ ከንፈርና አፍ ከቆሰለ ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ሰውየው ተከናንቦ ይተኛል። ዓይን ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ነው፤ ታማሚው በሰፈሩ ወደሚታወቅ የባህል ሐኪም ይወሰዳል፣ ምንነቱ የማይነገር ቅጠል ተቀጥቅጦ ይሰጠዋል። በየትኛውም ጊዜ ሌላ ሰው ላይ ይህ ቢደረግ ምናልባት ነገሩ በራሱ ያልፍ ይሆናል። የታይሮይድ ኪኒን በሚወስድ ሰው ላይ ግን እነዚህ ቀናት የሕይወትና የሞት ቀናት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ታማሚው ዳማከሴውን እየታሸ ሕመሙን ያመጣውን ኪኒንም አብሮ ይውጣል።

ስለዚህ መድኃኒቱን ስሰጥ የማስረዳው «የጎንዮሽ ጉዳት አለው» በሚል አነጋገር አይደለም። ይህ ቃል በየመድኃኒቱ ላይ ስለሚባል ማንም አይሰማውም። የምላቸው እንዲህ ነው፤ ጉሮሮዎን ካመመዎት፣ ወይም ትኩሳት ከያዘዎት፣ ወይም አፍዎ ከቆሰለ፣ ምች ነው ብለው አይቆዩ፤ ኪኒኑን ያን ቀን አይውሰዱ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄደው የታይሮይድ መድኃኒት እንደሚወስዱ ተናግረው ነጭ የደም ሴልዎን ያስቆጥሩ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የወፍ በሽታ ነው ብለው ወደ ቅጠል አይሂዱ፤ ኪኒኑን ትተው ወደ ሆስፒታል ይምጡ። ይህን በእጄ በፖስታው ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ አብሯቸው ለመጣው ልጅ ወይም ጎረቤት ሁለት ጊዜ አስደግመዋለሁ። የደም ሴሎችን የሚቆጥረው፣ ሲቢሲ የሚባለው ምርመራ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የሚሠራ፣ ውጤቱም በዚያው ቀን የሚደርስ ነው።

አንድ ወጣት መጥቶ ለእናቱ አሞክሳሲሊን እንድሸጥለት ጠየቀኝ፤ ጉሮሮዋን ይዟታል፣ ሌሊቱን ስትቃጠል አደረች አለ። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «ኧረ የእንቅርት ኪኒን አላት፤ ከጀመረች ሁለት ወር ይሆናታል» አለኝ። አንቲባዮቲኩን ሳልሰጠው ለምን እንደሆነ አስረድቼ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ማታ ውጤቱን ይዞ ተመለሰ፤ ነጭ የደም ሴሏ ደኅና ነበር። ሐኪሙም ኪኒኑን እንድትቀጥል አድርጎ ጉሮሮዋን ለብቻው አክሞላት ነበር። ይህን ታሪክ የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው። በዚህ መንገድ ከሚላኩት ሰዎች ብዙዎቹ ደኅና ሆነው ይገኛሉ፤ እንዲህ መሆኑ ግን ምርመራውን ከንቱ አያደርገውም። ያቺ እናት ሳትመረመር ኪኒኑን ፈርታ ብትተወው ልቧ ወደ ነበረበት ይመለስ ነበር፣ ሳትመረመር ብትቀጥል ደግሞ በጭፍን ይሆን ነበር። በምርመራው ሴሎቹ ጠፍተው የተገኙ እንደሆነ ሰውየው ተኝቶ ይታከማል፤ ከዚያ በኋላም ያንኑ ኪኒን መቀጠል ይቅርና ከፒቲዩ ወደ ሜቲማዞል፣ ከሜቲማዞልም ወደ ፒቲዩ መቀየር አይቻልም፤ አንዱ ያደረሰውን ሌላውም ሊያደርሰው ይችላልና።

የጉበቱ ጉዳይ ሁለቱን መድኃኒቶች ይለያያቸዋል። ሜቲማዞል አልፎ አልፎ የሐሞት ፍሰትን ሊያውክ ይችላል፤ ፒቲዩ ግን ጉበትን በፍጥነት እስከ ማጥፋት የሚደርስ ጉዳት እንደሚያስከትል ስለታወቀ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። በተለይ ሕፃናት ላይ አደጋው ስለሚያይል ለልጆች የሚመረጠው ሜቲማዞል ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሜቲማዞልን አስገብቶ ፒቲዩን ሌላው ለማይስማማቸው አድርጎታል። በእኛ አገር ግን ለብዙ ዓመታት በመደርደሪያው ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ፒቲዩ ነው። ፒቲዩ ክፉ መድኃኒት ነው እያልሁ አይደለም፤ ስንት ሰው አድኗል፣ የሚያስፈልግበትም ቦታ አለ። እንዲያውም በጣም በከፋው ደረጃ ላይ ቲ4 ወደ ቲ3 እንዳይለወጥ ስለሚያግድ የሚመረጠው እሱ ነው። ሆኖም ምርጫ ስለሌለ ብቻ የሚታዘዝ መድኃኒት ከሆነ፣ ከማንም በላይ ማብራሪያ የሚገባው የጎንደሩ ታማሚ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የደም ሴሎቹና የጉበቱ መነሻ ልክ ቢለካለት ደግሞ ኋላ የሚመጣውን ለመፍረድ ይረዳል፤ ሕመሙ ራሱ አንዳንድ ጊዜ የጉበት ምርመራን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋልና።

ሁለቱ መድኃኒቶች በሰዓትም ይለያያሉ። ሜቲማዞል አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ፒቲዩ ግን በቀን ሦስት ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ይወሰዳል። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ጾም በሚጾምበት ከተማ ግን ትልቅ ነው። በሁዳዴና በፍልሰታ ጾም፣ ቀዳሹም አስቀዳሹም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ይቆያል፤ የጠዋቱ ኪኒን ከዘጠኝ በኋላ ይዋጥና የቀኑና የማታው በላዩ ላይ ይደረባል፣ አለዚያም አንዱ ይቀራል። በረመዳንም ነገሩ ያው ነው። አንዲት እናት ይህንኑ ጠየቁኝ፤

«ልጄ፣ ይኸ ኪኒን ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን ምን ይለዋል?»

«እናቴ፣ ሰዓቱ ከተዛባ ልብዎ ተመልሶ ይመታል። አንቱ የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ያውቃሉ?»

«ኧረ ጠይቄአለሁ፤ በትንሽ ውኃ ዋጪው፣ ለታመመ ተፈቅዷል ብለውኛል። እኔ ነኝ እንጂ ልቤ እሺ ያላለኝ።»

ይህ መልስ ብዙ አስተምሮኛል። ከጤና ባለሙያዎች አንዳንዶቻችን ችግሩ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ አድርገን እንናገራለን፤ እሳቸውን የከለከላቸው ግን ካህን አይደለም። ከእንዲህ ያለች እናት ጋር መከራከር ሥራዬ አይደለም፤ ሐኪማቸው በቀን አንዴ የሚወሰደውን ሜቲማዞል ማግኘት የሚቻል ከሆነ እንዲያዝላቸው፣ አለዚያም ሰዓቱን ከጾማቸው ጋር እንዲያስማማላቸው ደብዳቤ ጽፌ መላክ ግን ሥራዬ ነው። ሰዓቱን በራሳቸው እጅ ማሸጋሸግ የለባቸውም። ስለ ጠበልም የምለው ይኸንኑ ነው፤ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውንና ጠበሉን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረው ነበር፣ ለታይሮይድ መድኃኒት የተለየ ሕግ የለም።

መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ለምን እንደሚያሳስበኝ ልግለጽ። በቂ ሕክምና ያላገኘ ወይም ያቋረጠ ሰው ላይ ሌላ ሕመም፣ ለምሳሌ የሳንባ ምች፣ ወሊድ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረብበት፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው ሆኖ ሐኪሞች የታይሮይድ ማዕበል የሚሉት ድንገተኛ ሁኔታ ሊነሣ ይችላል፤ ትኩሳቱ ይንራል፣ ልብ ከልክ ያልፋል፣ ሰውየው መቃዠትና ራሱን መሳት ይጀምራል። ታክሞም ቢሆን የሚሞትበት ሰው ጥቂት አይደለም። ወደ ማዕበሉ ያልደረሰውም ቀላል አይደለም፤ በተለይ ዕድሜው የገፋ ሰው ልቡ ምቱን ስቶ ደም በልብ ውስጥ ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን የታዘዘለት ሰው ደግሞ የታይሮይዱ ሆርሞን እየተስተካከለ ሲሄድ የሚያስፈልገው የዋርፋሪን መጠን ስለሚጨምር ምርመራውን ማዘውተር ይኖርበታል።

ከውጭ አገር የሚላክ መድኃኒት ሌላ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኗል። ልጆቻቸው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያሉ ቤተሰቦች ሜቲማዞል ሲላክላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ደስታቸው ተገቢ ነው። አደጋው ያለው በፍሬ ቆጠራው ላይ ነው። 50 ሚሊግራም የሆነውን ፒቲዩ ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ሲወስድ የነበረ ሰው፣ 10 ሚሊግራም የሆነውን ሜቲማዞል በዚያው ልማድ ስድስት ፍሬ ቢወስድ በቀን 60 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው፤ ለእሱ የሚበቃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ፍሬ አይበልጥም። የሜቲማዞል መጠን በጨመረ ቁጥር የነጭ ደም ሴል መጥፋት ዕድልም ይጨምራል። ካርቢማዞል የተላከለት ደግሞ 10 ሚሊግራም ካርቢማዞል 6 ሚሊግራም ያህል ሜቲማዞል እንደሆነ ይወቅ። ሁለቱን ዓይነት አብሮ መዋጥም አይገባም። ልጁ የላከውን ዕቃ ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ስለ እርግዝና ሳልጽፍ ብቀር ይህ ጽሑፍ ጎዶሎ ይሆናል፤ ይህ ሕመም በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ እጅግ ይበዛልና። ሜቲማዞልና ካርቢማዞል ከ6ኛው እስከ 10ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ሲወሰዱ በፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ የራስ ቆዳ ሳይሠራ መቅረት፣ የአፍንጫ ቀዳዳ መደፈን ከእነዚህ ይገኙበታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚመረጠው፣ ከላይ ብዙ ያልሁበት ፒቲዩ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሴት ልጅ ማርገዟን ሆድ እስኪገፋ ድረስ ለባሏና ለእናቷ ካልሆነ አትናገርም፤ አንዳንዴ ለእነሱም አትናገርም። እነዚያ አደገኛ ሳምንታት የሚያልፉት በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። መድኃኒቱን የሚያዝም የሚያድልም ሰው «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ?» ብሎ ብቻ ማለፉ አይበቃም፤ ልጅ ለመውለድ እያሰበች እንደሆነ፣ የወር አበባዋ በአንድ ሳምንት እንኳ ቢዘገይ ወዲያው እንድትመጣ ለብቻዋ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው በሌለበት መንገር አለበት። ያረገዘች ሴት ኪኒኑን ፈርታ በራሷ ማቆሟም መፍትሔ አይደለም፤ ያልታከመ ሕመም ለውርጃ፣ ያለ ጊዜ ለመውለድና ለደም ግፊት ያጋልጣታል። የምታጠባ እናት በሐኪም በተወሰነ መጠን ሁለቱንም መውሰድ ትችላለች፤ ልጁን ካጠባች በኋላ መዋጡ ይመረጣል።

ምርመራን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ኪኒኑ ከተጀመረ በኋላ ቲ4 እና ቲ3 ተስተካክለው ሳለ ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ ቲኤስኤችን ብቻ አይቶ መጠን መጨመር ታማሚውን ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይወስደዋል። ብርድ ይበረታበታል፣ ይወፍራል፣ ይደብተዋል፣ እንቅርቱም ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ሦስቱም መታየታቸው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ዕጢው ሲታመም ጠጉር ይረግፋል፤ ጠጉር ሲረግፍ ወጣት ሴቶች ለጠጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን ይገዛሉ፤ ባዮቲን ደግሞ በብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ላይ የታይሮይድን ውጤት ያዛባል፣ ያልታመመውን ሰው እንደታመመ፣ የዳነውንም እንዳልዳነ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ መተው ይገባል።

ኪኒኑ እስከ መቼ? የግሬቭስ በሽታ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ወስዶ ይሞክረዋል፤ ግማሽ ያህሉ ሲያቆም በሽታው ይመለስበታል፣ የቀረው ግን ሳይመለስበት ይኖራል። እንደ አክስቴ ባለ እባጭ የበዛበት እንቅርት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኪኒኑ ሆርሞኑን ይገድባል እንጂ እባጮቹን አያድናቸውም፣ በቆመ ጊዜ ሁሉም ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና መከራት። እሷም መጀመሪያ «አሁን ተሽሎኝ ሳለ ለምን እቀደዳለሁ?» አለች። መልሱ በትክክል እሱ ነበር፤ የሚቀደደው ሲሻል ነው። ሆርሞኑ ሳይስተካከል ማደንዘዣ መስጠትና ዕጢውን መንካት ቀደም ብዬ የጻፍሁትን ማዕበል ሊያስነሣ ስለሚችል፣ የወራቱ ኪኒን ለቀዶ ሕክምናው መንገድ የሚጠርግ ነው፤ ሐኪሙ እስኪያቆመው ድረስም አይቋረጥም።

አክስቴ አሁን ቀጠሮዋን እየጠበቀች ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ሌላ ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ዕድሜ ልኳን እንደምትወስድ ስነግራት «ታዲያ ከኪኒን ወደ ኪኒን ነው!» ብላ ቅር አላት። ቅሬታዋ ይገባኛል። ልዩነቱን ግን በደንብ አስረዳኋት፤ ሌቮታይሮክሲን ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን የሚተካ ስለሆነ ነጭ የደም ሴልን አያጠፋም፣ ጉበትንም እንደ ፒቲዩ አያሰጋም። በቀን አንድ ጊዜ፣ በጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ቡናዋን ከዚያ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆይታ ትጠጣለች፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላም ቲኤስኤች ተለክቶ መጠኑ ይስተካከልላታል። የንስሐ አባቷን ስለ ጠዋቱ ውኃ ከአሁኑ እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ፤ እሷም ቀጠሮው ሳይደርስ እንደምትጠይቃቸው ቃል ገብታልኛለች።